ያ ባዶ ሳር ለምን ባዶ ሆነ? አውሮፓ መሬቷን እንዴት እንደምታከፋፍል

(ሆላንድ፣ ሮተርዳም ላይ በነበረው የሀበሻ ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙ ሰው በጽሑፍ ላክልን ስላለኝ ከቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፣ የተደጋገመውንም አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። በዚህ ዝናብ ከዴን ሃግም፣ ከዩትሬክትም፣ ከአልሜረም ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አዘጋጆቹን በጣም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ከጠዋት ጀምሮ ኪችን ውስጥ ቆመው የዋሉትን እህቶቻችንን። አንድ ጊዜ አጨብጭቡላቸው እስቲ!

የዛሬው ርዕስ የመጣው ከእናንተው ነው። ባለፈው ስንሰበሰብ አንድ ወንድማችን ተነስቶ ምን አለ? «ለቤት ወረፋ ተመዝግቤ ስንት ዓመት ሆነኝ፣ ልጆቼ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ነው የሚያድጉት። በባቡር ከሮተርዳም ወደ ዩትሬክት ስሄድ ግን በመስኮት የማየው ሳርና ላም ብቻ ነው። ለምን እዛ ላይ ቤት አይሰሩም? ለላም የበቃ መሬት ለሰው እንዴት ጠፋ?» ትዝ ይላችኋል አይደል? አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበለት። በዛች ደቂቃ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ስላልሆነ ነው ዛሬ ሰፋ ያለ ሰዓት ስጡኝ ያልኳቸው። እንደምታውቁት እኔ ኸሜንተ (ማዘጋጃ ቤት) ውስጥ ፕላን ክፍል ነው የምሰራው፣ እና ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ጠረጴዛችን ላይ ነው ያለው።

ሶስት ነገር ነው የማወራችሁ። አንደኛ፣ ያ ሳር ለምን ባዶ ሆኖ ቀረ? ሁለተኛ፣ መሬት ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ማነው፣ ዴን ሃግ ያለው መንግስት ነው፣ ፕሮቪንሱ (ክልሉ) ነው፣ ኸሜንተው ነው ወይስ ብራስልስ ያለው የአውሮፓ ህብረት? ሶስተኛ ደግሞ ፕላንና ገንዘብ ሲለያዩ ምን ይመጣል የሚለው ነው፣ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው።

ያ በባቡር መስኮት የሚታየው ሳር ስም አለው፣ አረንጓዴው ልብ ነው የሚሉት። አምስተርዳም፣ ዴን ሃግ፣ ሮተርዳም፣ ዩትሬክት ዙሪያውን ቀለበት ሰርተው ተቀምጠዋል፣ ቀለበቱ ራንድስታድ ይባላል፣ መሃሉ ላይ የቀረው ነው አረንጓዴው ልብ። ማንም ረስቶት የቀረ መሬት አይደለም፣ ተወስኖ ነው የቀረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ህዝቡ በጣም በፍጥነት ጨመረ፣ አራቱ ከተሞች እየሰፉ ሄደው አንድ ትልቅ ከተማ ሊሆኑ ነው የሚል ስጋት መጣ፣ እና መንግስት በ1960 የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ የቦታ ፕላን ሰነድ አወጣ፣ በ1966 ደግሞ ሁለተኛውን። ሁለተኛው ሰነድ ሲዘጋጅ በ2000 ዓ.ም. 20 ሚሊዮን እንሆናለን ብለው ነው ያሰቡት። እዛ አልደረሱም፣ ዛሬም 18 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው። ግን ያንን ሁሉ ሰው የት እናስቀምጠው ብለው አስቀድመው ተጨነቁ፣ ይሄን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው።

ምን አደረጉ? ሰው የትም አይበተን፣ ግን አንድ ቦታም አይከመር፣ የተመረጡ ከተሞች ይደጉ አሉ። ዙተርሜር ከነዚህ አንዷ ናት፣ ትንሽ መንደር ነበረች እኮ፣ አሁን ከ120 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል። ፑርመረንድ፣ ኒውወኸይን እንደዚሁ። አልሜረ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ናት። ከአልሜረ የመጣችሁ እጃችሁን አሳዩኝ እስቲ። እናንተ የምትኖሩት ባህር የነበረ ቦታ ላይ ነው! ባህረ ሰላጤው በ1932 አፍስላውትዳይክ በሚባለው 32 ኪሎሜትር ግድብ ተዘጋ፣ ውስጡ በየክፍሉ እየታጠረ ውሃው እየተመጠጠ ወጣ፣ የእናንተው ክፍል በ1968 ደረቀ፣ በ1976 የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ገቡ። አልሜረ ያለችበት ፍሌቮላንድ በ1986 ራሷን የቻለች ፕሮቪንስ ሆነች። አሁን አልሜረ ብቻዋን ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይዛለች። የሳሩ መሬት እንዲተርፍ ነው እንግዲህ የባህር ወለል ከተማ የሆነው፣ ሁለቱ አንድ ውሳኔ ናቸው።

«ታዲያ ዛሬ ችግር ሲመጣ ለምን አይሰሩበትም?» ትሉኛላችሁ። አፈሩን እዩት። አብዛኛው ቦታ ሳርና ተክል በውሃ ውስጥ በስብሶ የተከመረበት ጥቁር አፈር ነው፣ ፒት የሚባለው፣ ውሃውን ስታፈሱለት በየዓመቱ ይሰምጣል። ኻውዳ አካባቢ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ቤቱ ጠንካራው አሸዋ ድረስ በወረደ ምሰሶ ላይ ስለቆመ ንቅንቅ አይልም፣ ግቢው ግን ይወርዳል። በሩ ፊት ለፊት ድሮ ያልነበረ ደረጃ ጨምሯል፣ የውጪው ቧንቧ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ መሬቱ ሸሽቶ ክፍተት ይታያል፣ በየጊዜው አፈር እያስመጣ ነው የሚሞላው። አንድ ቤተሰብ ይችለዋል። መቶ ሺህ ቤት ብትሰሩበትስ? መንገዱን፣ ፍሳሹን፣ ጋዙን ማን ነው በየጊዜው ከፍ የሚያደርገው? በኔ እምነት ጫፍ ጫፉ ላይ፣ ባቡር ጣቢያዎቹ አጠገብ፣ ቤት መሰራት አለበት፣ ይሄን ቢሮም እላለሁ እዚህም እላለሁ። መሃሉን ግን መንካት ለልጆቻችን እዳ ማውረስ ነው።

ከዛ ውሃው አለ። የዚህ ሀገር ሩብ የሚሆነው መሬት ከባህር ወለል በታች ነው። ጃንዋሪ 31 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ 1953 ዜላንድና አካባቢው ላይ ባህሩ ግድቡን ጥሶ ገባ፣ እዚህ ሀገር ብቻ 1,836 ሰው ሞተ። ዜላንድ ያላችሁ ጎረቤቶቻችሁን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፣ ጣራ ላይ ወጥተው ያደሩ አሁንም አሉ። ከዛ በኋላ ነው ዴልታ ወርክስ የተባለው ትልቅ የግድብ ስራ የመጣው። ሰው የሚያየው ኮንክሪቱን ነው፣ እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዛ በኋላ በወንዞቹ ላይ ያደረጉት ነገር ነው። እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይበት።

በ1995 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ዋልና ሌሎቹ ወንዞች ሞሉ፣ ግድቡ እንዳይፈርስ ተፈርቶ 250 ሺህ አካባቢ ሰው ከቤቱ ወጣ፣ ከነከብቱ። ድሮ ቢሆን ምን ይደረጋል? ግድቡን ከፍ ማድረግ ነዋ! መቶ ዓመታት እንደዛ ነው የተሰራው። አሁን ግን ሌላ ነገር አሰቡ፣ ወንዙን ከማጥበብ ቦታ እንስጠው አሉ። «ቦታ ለወንዙ» የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ከ30 በላይ ቦታዎች ላይ፣ ከሁለት ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበት።

ከነዚህ አንዱ ናይሜኸን ነው። እዛ ዋል ወንዝ ከተማው ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ይጠባል። ከማዶ ሌንት የምትባል መንደር አለች። የወሰኑት ምንድነው? የሌንትን ግድብ 350 ሜትር ወደ ኋላ ማንሳትና ለወንዙ ሁለተኛ መፍሰሻ መቆፈር። ማለትም በአሮጌው ግድብና በአዲሱ መሃል ያሉ ሰዎች መነሳት አለባቸው፣ ወደ 50 የሚሆኑ ቤቶች። እኔ ከስራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ፣ አንድ ከተነሱት ሰዎች መሃል የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ ያስጎበኙን። አሮጌው ግድብ ላይ ቆመው ወደ ውሃው በእጃቸው እያሳዩ «እዛ ጋ ነው የኔ ኪችን የነበረው፣ ከሱ ቀጥሎ የአባቴ የፖም ዛፎች» አሉን። እኔ እንደ ሀበሻ ወዲያው የመጣብኝ «ምን ያህል ተበደሉ!» የሚለው ነው። ጠየቅኳቸው። ምን አሉኝ መሰላችሁ? መጀመሪያ ላይ መንደሩ ሙሉ ተቃውሞ ነበር፣ የራሳቸውን አማራጭ ሀሳብ ሁሉ በባለሙያ አስጠንተው አቀረቡ። ሀሳባቸው አላለፈም፣ ተናደዱ፣ አሁንም ዛፎቹን ሲያስቡ ያማቸዋል። ግን በየደረጃው ተጠርተዋል፣ ደብዳቤ ጽፈው መልስ አግኝተዋል፣ ካሳው አዲሱ ግድብ ጀርባ ቤት አሰርቶላቸዋል፣ ልጃቸው እዛው ሰፈር ነው ያለው። አንድ ወፍራም ፋይል ይዘው ነበር፣ የተጻጻፉት ደብዳቤ ሁሉ በቀን በቀኑ ተደርድሮ። «ተሸንፌያለሁ፣ ግን ማን እንዳሸነፈኝና ለምን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉን።

አሁን እዛ ሄዳችሁ ብታዩ ከአሮጌው ወንዝና ከአዲሱ መፍሰሻ መሃል ደሴት ተፈጥሯል፣ ድልድዮች ተሰርተዋል፣ በጋ ላይ ህዝቡ ዳር ዳሩን ይዋኛል፣ ከተማዋም ወደ ሰሜን ተሻግራ አዲስ ሰፈር እየሰራች ነው። ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ ከፍታው ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ልድገመው፣ አንድ ቁፋሮ ነው፣ ግን የጎርፍ መከላከያም፣ ፓርክም፣ ድልድይም፣ የቤት ሰፈርም ሆነ። የተቀናጀ ልማት የሚባለው ነገር ይሄ ነው። የውሃው መሥሪያ ቤት ለብቻው፣ የመንገዱ ለብቻው፣ የቤቱ ለብቻው ቢመጡ ሶስት ጊዜ ይቆፈር ነበር፣ ሶስት ጊዜ ሰው ይነሳ ነበር።

ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚሆን እዩ። ናይትሮጅን የሚባለውን ነገር ዜና ላይ ሰምታችኋል፣ ገበሬዎቹ በትራክተር አውራ ጎዳና የዘጉበትን። ሜይ 2019 ላይ የሀገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መንግስት ይሰራበት የነበረውን የናይትሮጅን ፈቃድ አሰራር ጣለው፣ በዛን ጊዜ 18 ሺህ ያህል የግንባታና ሌላ ፕሮጀክት አደጋ ላይ ወደቀ ተብሎ ነው የተነገረው። የላሙ ሽንት፣ የመኪናው ጭስ፣ የፋብሪካው ጭስ ተጠራቅሞ የተጠበቀ ጫካና ረግረግ ላይ ያርፋል፣ እዛ ላይ የሚጨመር ነገር ካለ ፈቃድ አይሰጥም። እንግዲህ የኛ ወንድም ወረፋ የረዘመበት አንዱ ምክንያት ላሟ ናት፣ ቆማበት ባለው ሳር ሳይሆን በምታወጣው ናይትሮጅን! ግብርናውን አንድ ሚኒስቴር፣ ተፈጥሮውን ሌላው፣ ቤቱን ሌላው ለየብቻ ሲይዙት ኖረው መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት ነው ያገናኛቸው። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የታወቀ ችግር ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ማነው የሚወስነው?

ብዙ ሰው ብራስልስ ነው ይላል። አይደለም። የአውሮፓ ህብረት ለአባል ሀገር «እዚህ ቤት ስራ፣ እዚህ አትስራ» ብሎ ፕላን የማውጣት ስልጣን የለውም። በ1999 ፖትስዳም ላይ የ15ቱ ሀገሮች ሚኒስትሮች የአውሮፓን የቦታ ልማት አቅጣጫ የሚያሳይ ሰነድ ተስማምተው ነበር፣ እድገት ከለንደን እስከ ሰሜን ጣሊያን ባለው ቀበቶ ላይ ብቻ እንዳይከማች፣ ብዙ ማዕከሎች ይኑሩ፣ ገጠርና ከተማ ይደጋገፉ የሚል። ግዴታ ግን የለበትም። በ2007 ላይፕዚግ ላይ፣ በ2011 ሀንጋሪ፣ በ2020 ደግሞ እንደገና እያደሱት መጥተዋል፣ ሁሉም በፈቃደኝነት ነው።

ታዲያ ብራስልስ ምን አላት? ሁለት ነገር፣ ሕግና ገንዘብ። ሕጉ ቅድም ያየነው ነው፣ የተፈጥሮ ጥበቃው ሕግ የ1992 የአውሮፓ ሕግ ነው፣ ቤት የሚለውን ቃል ሳያነሳ የቤት ግንባታን ያቆማል። ገንዘቡ ደግሞ በ1975 የተቋቋመው የክልሎች ልማት ፈንድና ጓደኞቹ ናቸው፣ ከ2021 እስከ 2027 ድረስ 390 ቢሊዮን ዩሮ አካባቢ፣ ከህብረቱ በጀት ሲሶ ገደማ። ዋናው ወደ ደሃዎቹ ክልሎች ነው የሚሄደው፣ ምስራቅ ፖላንድ፣ ሩማንያ፣ ደቡብ ጣሊያን። እና ከክልል ልማት ፈንዱ ቢያንስ 8 ከመቶው ለከተሞች የተቀናጀ ልማት መዋል አለበት የሚል ግዴታ አለው፣ የአካባቢው አስተዳደሮች የተቀናጀ ስትራቴጂ ይዘው ካልመጡ አይለቀቅም፣ ብዙ ቦታ ከተማው ከዙሪያው ወረዳዎች ጋር ተስማምቶ ነው የሚያወጣው። ለዘመናት የማይነጋገሩ ጎረቤት ከንቲባዎች ገንዘቡ ሲመጣ አብረው ይቀመጣሉ! ትንሽ አትበሉት፣ አብሮ መቀመጥ እኮ ነው አብዛኛው ስራ።

ጀርመኖች ጋ ሌላ ነው። ፌዴራል መንግስቱ መሬት በመሬት እየከፋፈለ አንድ ካርታ አያወጣም፣ መርህ ያወጣል፣ ክልሎቹ ፕላን ያወጣሉ፣ ማዘጋጃ ቤቶቹ መሬቱ ላይ ይወስናሉ፣ የላይኛው የታችኛውን ማየት አለበት፣ የታችኛውም የላይኛውን። ሕገ መንግስታቸው ውስጥ በመላ ሀገሪቱ ተመጣጣኝ ኑሮ መኖር አለበት የሚል ሀሳብ ተቀምጧል። ትርጉሙ ምንድነው? ባቫሪያ ጫፍ ላይ ያለች አሮጊት ሆስፒታል ለማግኘት በርሊን መሄድ የለባትም። ለዛ ብለው ከተሞችን በደረጃ ይመድባሉ፣ ትንሹ ማዕከል ሱቅና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ መካከለኛው ሆስፒታልና ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ትልቁ ዩኒቨርስቲና ቲያትር።

ባለፈው በጋ ልጆቼን ይዤ ኤሰን ሄጄ ነበር፣ ሩር አካባቢ። ጠቅላላው የድንጋይ ከሰልና የብረት ሀገር ነበር። ኤምሸር የሚባል ወንዝ አላቸው፣ ወንዝ ይባል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ክፍት የፍሳሽ ቦይ ነበር፣ ከሰሉ ሲወጣ መሬቱ ስለሚሰምጥ ቱቦ መቅበር አይቻልም ነበር። ማዕድኑ ሲዘጋ ከ1992 ጀምሮ ፍሳሹን በሙሉ ከመሬት ስር በ51 ኪሎሜትር ዋሻ ወሰዱት፣ ወደ 5.5 ቢሊዮን ዩሮ ፈጀ፣ በ2021 መጨረሻ ላይ ወንዙ ከፍሳሽ ነጻ ሆነ። 30 ዓመት! ስንት መንግስት ተቀያየረ በዛ መሃል? ስራውን የያዘው በ1899 የተቋቋመ የከተሞቹና የድርጅቶቹ የጋራ ማህበር ስለሆነ ምርጫ መጣ ሄደ አላቋረጡትም። ትንሿ ልጄ ዳሩ ላይ ሆና ዳክዬ ስትቆጥር ነበር፣ እኔ ግን ያንን ማህበር ነበር የማስበው።

ፈረንሳይን ቶሎ ልለፋት። እነሱ ደግሞ ሁሉ ነገር ፓሪስ ገባ ብለው በ1963 ዳታር የሚባል መሥሪያ ቤት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ስር አቋቋሙ፣ የራሱ ፈንድ ያለው፣ ሚኒስቴሮቹን ሁሉ የሚያስተባብር። ስምንት የክልል ዋና ከተሞችን መርጠው ፓሪስን እንዲያመጣጥኑ አደረጉ። የቱሉዝ አውሮፕላንና ስፔስ እዛ መድመቁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ የስፔስ ማዕከሉም ትልቁ የአቪየሽን ትምህርት ቤትም በ1968 ወደዛ ተወስደዋል። ከላይ ወደ ታች ነው፣ ለኔ አይጥመኝም፣ ግን ፕላኑና ቦርሳው አንድ ሰው እጅ ስለነበሩ ሰርቷል።

አሁን ሶስተኛው ላይ ደረስን። ቦርሳው ሌላ ሰው እጅ ሲሆንስ?

አየርላንድን እዩልኝ። በ2002 በጣም ጥሩ ሰነድ አወጡ። ደብሊን ብቻ እንዳታብጥ ዘጠኝ ከተሞች ዋና የእድገት ማዕከል ይሁኑ፣ ዘጠኝ ደግሞ ረዳት ማዕከል ይሁኑ፣ ኢንቨስትመንቱ እነሱ ላይ ይሰብሰብ የሚል። ዓመት አለፍ ሲል፣ ዲሴምበር 2003፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ በጀት ሲያቀርቡ ከ10 ሺህ በላይ የመንግስት ሰራተኛ ከደብሊን ወጥቶ 53 ቦታ ይበተናል አሉ። ሃምሳ ሶስት! ሰነዱ ዘጠኝና ዘጠኝ ይላል፣ በጀቱ ሃምሳ ሶስት ይላል። የቱ ያሸነፈ ይመስላችኋል? ሁሉም የፓርላማ አባል ለወረዳው አንድ ቢሮ ፈለገ፣ ባንኮቹ የትም ለሚሰራ ቤት አበደሩ፣ ማንም ፕላኑን አላየውም። 2008 ላይ ኢኮኖሚው ሲወድቅ በ2010 ቆጠራ ከ2,800 በላይ ያላለቁ የቤት ሰፈሮች ተገኙ፣ መብራት የሌለው፣ መንገዱ ያላለቀ፣ ግማሹ ባዶ። ቤት ሞልቶ ሰው በሚፈልግበት ቦታ ግን ቤት የለም። በ2013 ሰነዱን ሰረዙት። ከዛ ግን ተማሩ፣ በ2018 አዲስ ፕላን ሲያወጡ ከ116 ቢሊዮን ዩሮ የኢንቨስትመንት ፕላን ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መድረክ ነው ያወጡት።

እኛም ሀገር ይሄ ታሪክ አለው እኮ። በ1944 የታላቋን ለንደን ፕላን ያወጡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአዲስ አበባም ማስተር ፕላን ሰርተዋል። ያው ባለሙያ ነው። ለንደን ላይ ግን ከፕላኑ ኋላ የ1946ቱ የአዲስ ከተሞች ሕግ፣ የ1947ቱ የፕላን ሕግ፣ መሬት ገዝቶ የሚያለማ በጀት ያለው ኮርፖሬሽን መጣ። አዲስ አበባ ላይ የመጣው ካርታው ነው።

ሆላንድም ራሷ ተሳስታለች። በ2010 ፕላን የሚለው ስም የነበረበትን ሚኒስቴር አፈረሱት፣ በ2012 ለፕሮቪንሶችና ለኸሜንተዎች ብዙውን ነገር ለቀቁላቸው። ከዛ በኋላ ምን በዛ? በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉትን ትልልቅ ግራጫ መጋዘኖች ታውቋቸዋላችሁ፣ ከመሃላችሁ እዛ የሚሰሩ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ ኸሜንተ ስራ ይመጣል፣ መሬት ይሸጣል ብሎ ለየብቻው ፈቀደ። አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ከሱዳን በሊቢያ አድርጎ የመጣ፣ ጎበዝ ሰራተኛ። የሌሊት ሺፍቱ የሚያልቀው ገና ሳይነጋ ነው፣ በዛ ሰዓት ወደዛ የሚሄድ አውቶቡስ የለም፣ ቤት ደግሞ እዛ አካባቢ የለም። በኤሌክትሪክ ሳይክል በጨለማ፣ የጭነት መኪና በሚበርበት መንገድ ዳር፣ በዝናብ ነው የሚመለሰው። ጓንቱን ሲያወልቅ ጣቶቹ አይታጠፉለትም፣ ቁልፉን በር ላይ ለማስገባት ሁለት እጁን ነው የሚጠቀመው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። መጋዘኑ ተፈቅዷል፣ መንገዱ ተሰርቷል። ሰራተኛው የት እንደሚያድርና በምን እንደሚሄድ የጠየቀ ግን አልነበረም! ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቃችሁም።

ሊደረግ የማይችል ነገር አይደለም። ኮፐንሀገን ከ1947 ጀምሮ ከተማዋ በባቡር መስመሮቹ ላይ እንደ አምስት ጣት እንድታድግ ወስነው፣ በ2007 በሀገር ደረጃ አስገዳጅ መመሪያ አደረጉት። ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ቢሮ ከጣቢያ 600 ሜትር ባለው የእግር መንገድ ውስጥ መሆን አለበት። በቃ፣ አንድ መስመር ሕግ ናት። ሆላንዶቹም ተመልሰዋል፣ ጁላይ 2024 ላይ የቤትና የቦታ ፕላን ሚኒስቴር እንደገና ቆመ።

ወገኖቼ፣ ሰዓቴ እያለቀ ነው፣ ስለ እኛ አንድ ነገር ልበል። ከጃንዋሪ 1 2024 ጀምሮ 26 ሕጎችን በአንድ ላይ ያጠቃለለ አዲስ የአካባቢ ሕግ ስራ ላይ ነው። እያንዳንዱ ኸሜንተ አንድ ፕላን ይኖረዋል፣ ረቂቁ ለስድስት ሳምንት ለህዝብ ይወጣል፣ በዛ ጊዜ ማንኛውም ሰው አስተያየት መጻፍ ይችላል፣ ፓስፖርት አይጠየቅም። እኔ ቢሮ ሆኜ የሚመጡትን ደብዳቤዎች አነባለሁ። ማን ነው የሚጽፈው? ጡረታ የወጡ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ «ከኔ መስኮት ፊት ለፊት አፓርትመንት እንዳይሰራ» የሚሉ። መብታቸው ነው። ቤት የሚፈልገው ሰውስ? አንድ ክፍል ውስጥ ሶስት ልጅ ያሳደገችው እናትስ? የሌሊት አውቶቡስ የሚያስፈልገው ልጅስ? የእነሱ ደብዳቤ የለም። የለም እኮ! እና ውሳኔው ሲወሰን ፋይሉ ውስጥ ያለው የተቃወመው ሰው ድምጽ ብቻ ነው። የኸሜንተ ምርጫ ላይ ዜግነት ባይኖራችሁም አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖራችሁ ትመርጣላችሁ፣ ለውሃ ቦርዱም እንደዚሁ፣ የየአካባቢውን ውሃና ግድብ የሚያስተዳድረው አካል ነው፣ የሱ ቀጣይ ምርጫ ማርች 2027 ነው። የውሃ ቦርዱን ስንቶቻችሁ መርጣችኋል? የዛ የሚሰምጥ አፈር ውሃ፣ የወንዙም ግድብ፣ በእነሱ እጅ ነው ያለው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ደች የሚጽፉ ወጣቶች አሉን፣ እኔም ከስራ ሰዓት ውጪ አለሁ፣ በየከተማው አንድ ሰው ረቂቅ ሲወጣ የሚከታተል እንመድብ፣ ሲወጣ እንጠራራ፣ ቡና እየጠጣን አብረን እንጻፍ። ለጀርመንና ለቤልጂየም ወንድሞቻችንም ንገሩ፣ እዛም ረቂቅ ለህዝብ ይወጣል።

አሁን ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። መንግስት ኦንላይን ላይ ያስቀመጠው ካርታ አለ፣ አድራሻ ስታስገቡበት በዛ ቦታ ላይ ምን እንደተፈቀደና ምን እንደተከለከለ ያወጣል። ፕሮጀክተሩን አብሩልኝ እስቲ። ያ ባለፈው የጠየቀው ወንድማችን አለ? ና፣ ወደፊት ና። ያንተን ሰፈር ፖስት ኮድ ንገረኝ፣ አጠገባችሁ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ አሁን አብረን እናየዋለን።